ሻምበል ዛሬ ሃያ ስድስት ተነፈሰ

ለልጄ ለመቅደስ፣

መቅዲዬ፣ የእናትሽ ሆድ፣ ከተለየሽኝ ዓመት ከሦስት ወር ሞላ። «እንደምን ነሽ» ብዬ ብጽፍ መልሱን የሚያመጣልኝ ስለሌለ የራሴን ልንገርሽ፦ እኔ ደህና ነኝ፤ ሻምበልም አለ። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። እጄ እስክሪብቶ ከያዘ ብዙ ዘመን ስለሆነው ፊደሉን እንደ ጥልፍ አንድ በአንድ ነው የምወጋው። «ስምንተኛ ላይ ያቆምሽውን ማታ ገብተሽ ጨርሺ» ትዪኝ ነበር። ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ ይህንንም በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ከአጠና ተራ ወደ እኛ የሚያስገባው ኮረኮንች ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ስትረግሚው የነበረው ጭቃ የለም። ውኃ ግን እንደ ድሮው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ልብስሽን በአርባሽ ሰጠሁ። ያስቀረሁት ቡናማውን ብርድ ልብስና የእጅ ሰዓትሽን ብቻ ነው።

ትልቁ ለውጥ ይኼ ነው፦ ሻምበል ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው። በአንቺ ክፍል፣ ከአልጋሽ ግርጌ፣ በብርድ ልብስሽ ላይ። አላመንሽኝም አይደል? እኔ ነኝ ያስገባሁት። በሩን በገዛ እጄ ከፍቼ።

የመጣበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርሽ። ጦር ኃይሎች ፌርማታ አጠገብ ቱቦ ውስጥ ቡችላ ሳለ አግኝተሽው፣ ደብተሮችሽን በብብትሽ ይዘሽ እሱን በቦርሳሽ ከትተሽው፣ ዝናብ እየወረደብሽ መጣሽ። «እማዬ፣ አትጩሂ» ብለሽ ነው የገባሽው። እኔም ጮህኩ። የእመቤታችን ስዕል ከተሰቀለበት ቤት ውሻ አይገባም አልኩሽ፤ ደጅ ይሁን ተባለ፤ ደጅ ሆነ። ገና በሳምንቱ ደረቱን ነፍቶ ግቢውን ዙሪያውን ሲመረምር አይተሽ «ሻምበል» አልሽው። ከቆርቆሮው ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን አሥር አለቃ ደምሴ ይህን ሲሰሙ የሆኑትን ታስታውሻለሽ? «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተዋግቼ አሥር አለቃ፤ ይኼ ትናንት ከቱቦ ወጥቶ ሻምበል!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃችን ሲያልፉ ለሻምበል ሰላምታ ሳይሰጡ አያልፉም። እሱም ጅራቱን አንድ ጊዜ ብቻ ያወዛውዝላቸዋል፤ ልክ እንደ አለቃ።

በምን እንዳሳደግኩሽ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ የሰው ሠርግና ክርስትና፣ የሰው ተዝካር ሲሆን ጠላ ጠማቂዋ የሺ ትጠራለች። ሰው ስሜን ያወቀው በጋን አጠባዬና በወይራዬ ነው። ጋኑን በግራዋ አሽቼ፣ ወይራውን ሰንጥቄ ለኩሼ፣ አፉን በጭሱ ላይ ደፍቼ እስኪጠግብ አጥነዋለሁ። ጠላው ሲጠጣ ያ ሽታ ከአፍንጫ እንዳይጠፋ ነው። ሻምበልም ጎጆውን የሠራንለት ከጋን ቤቱ ግድግዳ ሥር ነበር፤ ይሞቃል ብለን።

ሳሉ የጀመረው አንቺ ሥራ በያዝሽ ዓመት ይመስለኛል። ደረቅ ሳል ነው፤ ስሎ ስሎ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ሊተፋ እንደፈለገ አንገቱን ይዘረጋል፤ ምንም አይወጣም። «እማዬ፣ ጭሱ ነው የሚያስለው» አልሽኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግመሽ ነው ያልሽኝ። እኔም ሳቅኩብሽ። «የወይራ ጭስ ሴት ወልዳ የምትታጠነው መድኃኒት ነው፤ ለሰው የሚበጅ ውሻን ምን ያደርገዋል?» አልኩሽ። አንቺም ጎጆውን ብቻሽን እየጎተትሽ ወደ በሩ አዛወርሽው፤ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ እሱ ራሱ ተመልሶ ወደ ሙቀቱ ሄደ። እኔም «አየሽ!» አልኩሽ። ይህን «አየሽ» ያልኩትን አፌን ስንት ጊዜ ጠላሁት።

ሆስፒታል ስለተኛሽበት ስለዚያ ሦስት ቀን ብዙ አልጽፍም። አንቺም ታውቂዋለሽ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቀለል ብሎሻል ተባለና የአጃ ሾርባ ላመጣልሽ ከሆስፒታሉ ወጣሁ። ፔርሙሱን ይዤ ስመለስ አልቆየሽኝም። ሾርባው ትኩስ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ለማንም አልነገርኩም። ሻምበል በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ሥር ሄዶ ይተኛልሽ አልነበር? ሥራ ውለሽ ከታክሲ ሳትወርጂ ነበር የሚያውቀው። ከቀብር በተመለስንበት ቀን ግቢው በሰው ሞልቶ ሳለ ሰዓቱ ደረሰ። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ከተኛበት ተነሣ፤ በሩን አየው፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መጥቶ የጫማዬ ጫፍ ላይ አገጩን አሳረፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ በሩ ላይ አልጠበቀሽም። ማን ነገረው? በምን አወቀ? እኔ እናትሽ፣ አፈር ሲለብስሽ በዓይኔ ያየሁት፣ እስከ መስከረም ድረስ ታክሲ ሲቆም ጆሮዬን ስጥል ነበር።

ከሰኔ እስከ ኅዳር ጋን አልነካሁም። እህልም ካፌ አይገባም ነበር። ያኔ ሻምበል አለመሳሉን ልብ አላልኩም፤ አሁን ሳስበው ነው። በኅዳር አብራኝ የምትጠምቀው አስካለ መጥታ «የሺ፣ ቁጭ ብለሽ አትለቂ፤ አንድ ክርስትና አለ» አለችኝና ተነሣሁ። ወይራውን ለኮስኩ። ሳሉም ተመለሰ። አስካለ «አጥንት ሰንቅሮበት ነው» አለች፤ መንጋጋውን ይዛልኝ ተልባ አጠጣነው። አስካለም እኔም ሻምበልም ተልባ ሆንን እንጂ ሳሉ ወይ ፍንክች። ከዚያ እኔ ብልኋ ያደረግሁትን ስሚ። ብርድ ነው፣ ጭሱ ደረቱን ያሟሽለታል ብዬ ጎጆውን አንሥቼ ከጋኑ አፍ አጠገብ አደረግሁለት። በፍቅር ነው ያደረግሁት፣ መቅዲዬ። ሦስት ቀን በፍቅር አጠንኩት።

በአራተኛው ጠዋት ስጠራው አልተነሣም። አፉን ከፍቷል፤ ምላሱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሆዱ እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። በነጠላዬ ጠቅልዬ አቅፌው ወጣሁ። ውሻ ታቅፌ! ታክሲ አልጭንም አለኝ። አንድ ባጃጅ ቆመና ሾፌሩ «እማማ፣ ይነክሳል?» አለኝ። «የሚነክስበት ትንፋሽ ቢኖረው በእግሩ ይሄድ ነበር» አልኩት። በሩን ከፈተልኝ። ዓለም ባንክ መንገድ ላይ ካለ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰደን።

ሐኪሟ ካንቺ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ናት። ኦክስጅን ሰጠችው፤ መርፌ ወጋችው፤ ደረቱን ብዙ አዳመጠች። «እማማ፣ ቤት ውስጥ ጭስ አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። ውሸቴን አልነበረም። እኔ ወይራን ጭስ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም፤ ወይራ ሽታ ነው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ከሻምበል አንገት ጠጉር ውስጥ ከተተችው። ቀና አለችና በጣም በቀስታ «ታዲያ ይኼ ምን ይሸታል?» አለችኝ።

እኔም አሸተትኩት። ጠላዬን ነበር የሚሸተው።

የቆየ የሳንባ ሕመም ነው አለችኝ፤ የአየር መሄጃው እየቆሰለ እየጠበበ የሄደ፣ የማይመለስ። እድሜውም ገፍቷል። «አይድንም፣ ግን በጥንቃቄ ከያዙት ደህና ይኖራል» አለች። ይህን ስትል ያንቺን ድምፅ ነው የሰማሁት። እንክብሉን ጠዋት ጠዋት በጎመን ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። እንዳይወፍር ምግቡን ቀነስኩ፤ በዚህ ተኳርፈን ነበር። አንገቱን የሚያንቀው ማሰሪያ ቀረና ደረቱ ላይ የሚታሰር ሆነ፤ የሚሸጥ ስላላገኘሁ በመቀነቴ ሠራሁለት። መቀነት ታጥቆ ሲወጣ አስካለ «ሻምበል መነኮሰ» ብላ ሞተች በሳቅ። ሳሉ ሲጠና ባኞ ቤት ሙቅ ውኃ በባልዲ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ እንፋሎቱ ውስጥ ሁለታችን እንቀመጣለን። ከዚያ መዳፌን ጎድጎድ አድርጌ ጎኑን መታ መታ አደርግለታለሁ፤ አንቺን በሕፃንነትሽ ሳስገሳ አደርግ እንደነበረው።

የሚነፋ መድኃኒትም አለው። ስሙን አልይዝም፣ አሥር አለቃ ለአስማቸው በደረት ኪሳቸው የሚይዙት ዓይነት ነው። ውሻ «ሳብ» ቢሉት ስለማይስብ፣ የላስቲክ ጠርሙስ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ለአፍንጫው አደረግሁ፣ በሌላው ጫፍ መድኃኒቱን እነፋለሁ። መጀመሪያ ፈርቶ ይሸሽ ነበር። ያስተማሩት አሥር አለቃ ናቸው። መጥተው ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን አወጡና ነፉ፤ «በል ጌታዬ፣ ቅድሚያ ለበላይ ነበር፣ እኔ ቀደምኩ ይቅርታ» አሉት። ሻምበል አያቸው፣ አያቸውና አፍንጫውን ሰጠኝ። አሁን በየጠዋቱ ሁለቱ አብረው ነው የሚነፉት።

ሐኪሟ ያዘዘችኝ የመጨረሻ ነገር ትንፋሹን መቁጠር ነው። ሲተኛ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ጎኑ ስንት ጊዜ ከፍ እንዳለ። ከሠላሳ በላይ ሲሆን ደውይልኝ አለች። እኔ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት የለኝም። ሰዓትሽን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ቆሞ ነበር፤ ባትሪ አስቀየርኩለት። አሁን ክንዴ ላይ ነው።

መቅዲዬ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በሩን ከፍቼ አስገብቼው በመስኮትሽ የሚገባው ፀሐይ ላይ ተኝቷል። አጠገቡ መሬት ተቀመጥኩና ጎኑን ማየት ጀመርኩ። ከፍ፤ ዝቅ። አንድ። ከፍ፤ ዝቅ። ሁለት። ሰባት ስደርስ መቁጠሩን ረሳሁት። እንቅልፍ ላይ ነው እኮ! ማንም «ተንፍስ» አላለውም። ራሱም አያውቅም። ያ የተቃጠለ ሳንባ፣ እኔ በየሳምንቱ ያጠቆርኩት፣ አየሩን በጠባቧ ቀዳዳ ጎትቶ ያስገባል፤ መልሶ ያስወጣል፤ ደግሞ ይጀምራል። አላማረረም። እኔን አልጠየቀኝም። እያንዳንዷ ስትመጣ የመጣችው ልክ የመጀመሪያዋ ትንፋሽ የሆነች ይመስል ነበር። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች፤ ጎኑ ወርዶ ገና ያልተነሣባት። በዚያች ዝምታ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ይነሣል።  ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማኝ ዓይነት ነገር፣ በውሻ ጎን ላይ ተሰማኝ። ኃጢአት እንደሆነ ይቅር ይበለኝ።

ሃምሳ ስድስት ዓመት ስኖር እስትንፋስን አይቼው አላውቅም ነበር። አይ፣ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አንቺ አራስ ሳለሽ፣ ተኝተሽ ድምፅሽ ሲጠፋብኝ ጣቴን ከአፍንጫሽ ሥር አደርግ ነበር። ያቺን ሙቅ ነገር ሳገኝ ነው የምተኛው። ከዚያ አደግሽ፤ መኖርሽን አመንኩና ረሳሁት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስትተነፍሺ አንድ ቀን ቆጥሬልሽ አላውቅም። የመጨረሻዋም ስትመጣ እኔ ሾርባ እያማሰልኩ ነበር።

ያን ቀን ሲነቃ ብርድ ልብስሽን አነጠፍኩለትና ከዚህ ክፍል አትወጣም አልኩት። አስካለ በማግስቱ አይታ አማተበች። «ቤትሽን አረከስሽው፤ ስዕሉስ?» አለችኝ። «ስዕሉ የተሰቀለበት ቤት እስትንፋስ የሰጠው አምላክ ቤት አይደለም እንዴ?» አልኳት። ሳላስበው ነው የወጣኝ። እሷም ስትወጣ ዞር ብላ «ለመሆኑ ዛሬ ስንት ተነፈሰ?» አለችኝ።

ከዚያ የሙት ዓመትሽ ደረሰ። የሰኔ ጾም ስለሆነ ወጡ የጾም ነው፤ ጠላው ግን የእኔ ነው። የሰው ሁሉ ተዝካር ላይ የጠመቅኩ ሴት ለልጄ ሳልጠምቅ ልቀር ነው? ሰፈሩ ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ነበር። ወይራው ተቆልሎ ተቀምጧል። እንደ ልማዴ ጋኑን ባጥን ሻምበል ሳምንቱን እንደማይዘልቅ ሐኪሟ ነግራኛለች። አስካለ «በእኔ ግቢ እናጥነው» አለች፤ የእሷና የእኛ ግቢ በአንድ ቆርቆሮ ነው የሚለየው፤ ጭስ ደግሞ ቆርቆሮ አያውቅም። ወደ ዘነበወርቅ ጋኑን ጭነን ከዘመድ ቤት አጥነን እንመልሰው ያሉም ነበሩ። ያ ይቻል ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ። አንቺ እያለሽ አንድ ቀን ያላቆምኩልሽን ጭስ፣ በሙት ዓመትሽ ላቁምልሽ ብዬ ነው። ጋኑን በግራዋ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በፀሐይ አደረቅሁት፣ ሳላጥን ጠመቅሁ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሰው «ለልጇ ሲሆን ሰነፈች» እንዳይል።

ድንኳኑ ሞላ። አሥር አለቃ መጀመሪያ ተቀዳላቸው። ጠጡ፤ ጣሳውን አዩት፤ ደግመው ጠጡ። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን ያያል። «ይኼ ጠላ ራቁቱን ነው የመጣው» አሉ።  ተነሥቼ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም። አንቺ ስትለምኚኝ መሳቄን፣ ጎጆውን ከጋኑ አፍ ማድረጌን፣ ልጅቷ ያሸተተችውን። አንዲት ሴትዮ ከኋላ «ለውሻ ተብሎ!» ስትል ሰማሁ። 

አሥር አለቃ ጣሳውን አስቀመጡ። «እኔም እኮ» አሉ፣ «የሺ ጋን በምታጥን ቀን እስኪመሽ መንገድ ለመንገድ ነው የምውል። እዚህ ከዋልኩ ደረቴ ይዘጋል።»

መቅዲዬ፣ ሰማሽ? በየሳምንቱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት። እኔ ዘወር ዘወር ማለት የሚወዱ ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ። «ልጅ የምታሳድጊበትን እሳት አጥፊ ልበልሽ?» አሉኝ። ከዚያ ጣሳቸውን ዘረጉ። «ቅጂልኝ። ገብሱ ዛሬ ገና ነው የተሰማኝ።»

እኔ እዚያ ቆሜ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ስንት ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ትንፋሹን ይዞ እንዳሳደገሽ አሰብኩ። ድምፅ አውጥቶ የከሰሰኝ አንቺና ሻምበል ብቻ ናችሁ። አንቺን አልሰማሁም። እሱን ሰማሁት። በዚህ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ፤ እፍረቱም ከድንቁ ጋር ነው።

አሁንም እጠምቃለሁ፣ ሳላጥን። አንዳንዱ ደንበኛ ቀረ፣ አንዳንዱ «ራቁቱን ቅጂልኝ» እያለ ይመጣል፤ የአሥር አለቃ ነገር ስም ሆኖ ቀረ። ክረምቱን ሻምበል ሁለት ጊዜ አስፈራርቶኝ ወጥቶታል። ሐኪሟ አትዋሸኝም፤ የሚቀጥለውን ክረምት ላያይ ይችላል ብላኛለች። ከክፍልሽ እስከ በሩ ሲሄድ ድሮ አንድ ሩጫ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል። ደረቱን ግን አሁንም ይነፋል።

የእሱ ሲያልቅ ሾርባ ለማምጣት አልወጣም። ይህን ወስኛለሁ። እጄ ጎኑ ላይ ይሆናል።

ከዚያም በኋላ ሰዓትሽን አላወልቅም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮትሽ ሥር እቀመጣለሁ፤ የምቆጥርለት ከሌለ የራሴን እቆጥራለሁ። አንድ ደቂቃ ነው፣ ብዙ አይደለም። ያቺን ደቂቃ ላንቺ ነው የምሰጣት፤ ፔርሙስ ይዤ ስሮጥ ያመለጠችኝን። ትንፋሼ እስካለ ድረስ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በመሐሏ ባለችው ዝምታ ውስጥ፣ ስምሽን እጠራለሁ።

ዛሬ ሃያ ስድስት ተነፈሰ። ደህና ነው።

እናትሽ የሺ